ለቤተ ሙከራና ለንባብ ክፍል ግንባታ ከጅማ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የጅማ ከተማ ነዋሪዎች፣ ወላጆች፣ የትምህርት ቤታችን የቀድሞ ተማሪዎች እንዲሁም በሀገር ውስጥና በውጭ የምትኖሩ የጅማ ልጆች፤

ትምህርት ቤታችን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቹ ቤተ ሙከራ፣ የንባብ ክፍልና ውኃ የገባለት የሴቶች መጸዳጃ ቤት በአንድ ጣሪያ ሥር ለመሥራት ተነሥቷል። ይህን ጥሪ የምናቀርብላችሁ የወላጅ መምህር ኅብረት የመረጠን የግንባታ ኮሚቴ አባላት ነን።

ትምህርት ቤቱ ከመንግሥት በጀት አይመደብለትም፣ ትርፍ የሚካፈል ባለቤትም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው አዋጅ የግል ትምህርት ቤቶች ወደ ሕዝብ ይዞታ ከዞሩ በኋላ፣ ወላጆች ተሰባስበው የራሳቸውን ትምህርት ቤት የሚያቋቁሙበት ዕድል ለብዙ ዓመታት ጠብቦ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን ዕድል መልሶ ከከፈተ በኋላ ነው የኛዎቹ መሥራቾች በየእድሩ እየዞሩ መዋጮ ሰብስበው በኪራይ ቤት መዋዕለ ሕፃናት የጀመሩት። ልጆቹ ከፍ ባሉ ቁጥር ወላጆቹ አንድ ክፍል ይጨምሩ ነበር። ነጋዴው ቆርቆሮ፣ የቡና ገበሬው ባህር ዛፍ፣ ግንበኛው ጉልበቱን እየሰጠ ትምህርት ቤቱ እስከ 12ኛ ክፍል ደረሰ። ዛሬም መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች ልጆች በነጻ የሚማሩት ከሌሎች ወላጆች ክፍያ ላይ በሚቀነስ ድጎማ ነው። ይህ አሠራር እንዲቀጥል ስንል ለግንባታው ወርኃዊ ክፍያ ላለመጨመር ወስነናል፤ ጥሪውን ወደ እናንተ ያመጣነውም ስለዚህ ነው።

መሥራቾቹ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ያልለወጡት አንድ አቋም ነበራቸው፤ እሱም ሴቶችና ወንዶች በአንድ ክፍል፣ በአንድ መምህር ሥር እንዲማሩ ነው። በሀገራችን ዘመናዊ ትምህርት በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የጀመረው ለወንዶች ነበር፤ ለሴቶች የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1931፣ ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። የእኛ ትምህርት ቤት በመዝገቡ ላይ ይህን ልዩነት አጥፍቷል ማለት ይቻላል። ነገር ግን በእውነት መናገር ያለብን ከ9ኛ ክፍል በኋላ የሴቶቹ ወንበር እየሳሳ መሄዱን ነው። አብረው ጀምረው አብረው ካልጨረሱ፣ አብሮ ማስተማራችን ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል ብለን እናምናለን።

ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም፤ ልጆቹ ራሳቸው ነግረውናል። በወር አበባ ጊዜ መታጠቢያና ሞዴስ መቀየሪያ ቦታ ስለሌለ ብዙዎቹ በየወሩ ለተወሰኑ ቀናት ከትምህርት ይቀራሉ፤ የቀሩበት ትምህርት ሲደራረብ ፈተና ያስፈራቸዋል፣ ከዚያም ጨርሶ መቅረት ይመጣል። ከማና፣ ከሰቃ፣ ከቀርሳና ከዴዶ መጥተው በከተማው ዘመድ ዘንድ ተጠግተው የሚማሩት ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። ቤት ከገቡ በኋላ ውኃ መቅዳትና ወጥ መሥራት ስለሚጠብቃቸው ደብተር የሚከፍቱበት ሰዓት የላቸውም። የንባብ ክፍሉ ከትምህርት ሰዓት በኋላ እስከ ማምሻ ክፍት ሆኖ መምህር ተራ እየገባ እንዲያግዛቸው የፈለግነው ለእነዚህ ልጆች ብለን ነው። የሴቶች ክበብ ምክርና የቅዳሜ የማጠናከሪያ ትምህርት አሁንም ይሰጣል፤ ሆኖም በአንድ ክፍል ውስጥ እየተፈራረቁ ስለሆነ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል።

ስለ ቤተ ሙከራውም ጥቂት እንበል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በሀገር ደረጃ በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቤተ ሙከራ ብቻውን ይህን ይለውጣል አንልም። ይሁንና አሲድና ቤዝ ሲቀላቀሉ የሚሆነውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በተሣለ ሥዕል ብቻ የሚማር ልጅ የሚሸመድደው እንጂ የሚያስተውለው ነገር አይኖረውም። ከተማችን እኮ የትምህርት ከተማ ናት፤ የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተባት፣ ያ ተቋም ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሆነባት ናት። በዚህ ዩኒቨርሲቲ አቅራቢያ ያደገ ልጅ ማይክሮስኮፕ ሳይነካ 12ኛ ክፍልን መጨረሱ ያሳዝነናል።

ሥራው ጊዜ አይሰጥም። ጅማ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ በመሆኗ፣ መሠረቱ ወጥቶ ግድግዳውና ጣሪያው ማለቅ ያለበት ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ነው። ይህ ወቅት ቡና ተለቅሞ ለገበያ የሚቀርብበትም በመሆኑ፣ ከቡና ገቢ የምታገኙ ወገኖቻችን የልጆቹን ድርሻ አብራችሁ እንድታስቡ አደራ እንላለን።

ድጋፉ በገንዘብ ብቻ መሆን የለበትም። ሲሚንቶ፣ ብሎኬት፣ ፌሮ፣ አሸዋና ቆርቆሮ እንቀበላለን፤ የጭነት መኪና ያላችሁ ለአንድ ምልልስ ብትሰጡን ትልቅ ወጪ ታቀልሉልናላችሁ። ባለሦስት እግር በርጩማችሁ በሀገሩ ሁሉ የታወቀላችሁ የጅማ አናጢዎች ለንባብ ክፍሉ ጠረጴዛና ወንበር በመሥራት ብታግዙን፣ ልጆቹ የከተማቸው እጅ በሠራው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያነባሉ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ቅዳሜ ቅዳሜ ሙከራ በማሳየት፣ የቀድሞ ተማሪዎቻችን ያነበባችኋቸውን መማሪያና ማጣቀሻ መጻሕፍት በመላክ ልትሳተፉ ትችላላችሁ። የእድርና የእቁብ ሰብሳቢዎች፣ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን አባቶችም ጥሪያችንን ለምእመኑና ለአባላቱ እንድታሰሙልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

የባንክ ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በአንድ ወላጅ፣ በአንድ መምህርና በርእሰ መምህሩ ጣምራ ፊርማ ነው። ቁጥሩን ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት በአካል ቀርባችሁ እንድትወስዱ እንጠይቃለን፤ በስማችን በስልክ የሒሳብ ቁጥር የሚልክ ሰው ካጋጠማችሁ የእኛ ተወካይ አይደለም። ለእያንዳንዱ ስጦታ፣ ለአንድ ኩንታል ሲሚንቶም ቢሆን፣ ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ ይሰጣል። ገቢና ወጪው በየወሩ መጨረሻ በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ስሙ እንዲጠቀስ የማይፈልግ ለጋሽ ይህን ለጸሐፊው ቢያሳውቅ በደረሰኝ ቁጥሩ ብቻ ይመዘገብለታል።

የግንባታ ኮሚቴው፣ ጅማ