ሲያምሽ ዝም አትበይ

የኔ እናት፣ እንዴት ሰነበትሽ? ትንሿስ?

አክስትሽ ትናንት ማታ ደውላ ሁሉንም ነገረችኝ። የጡትሽ ጫፍ ተሰነጣጥቆ ጥርስሽን ነክሰሽ እያለቀስሽ ነው አሉ የምታጠቢው። የዱቄት ወተትም አስገዝተሻል። ለኔ ግን በስልክ "ደህና ነን እማዬ" ትያለሽ። ልጅ ሆነሽም ትኩሳት ይዞሽ ትደብቂ ነበር። አሁን ግን እሱ አይሆንም። ሲያምሽ ዝም አትበይ።

እንዲህ የሚያቆስለው ብዙ ጊዜ ልጅቷ በደንብ ሳትጎርስ ስትቀር ነው። ጫፉን ብቻ ከያዘች አንቺም ትቆስያለሽ፣ ወተቱም በቅጡ አይወጣላትም። አፏን በሰፊው እስክትከፍት ጠብቂ። በጫፉ ዙሪያ ያለውን ጥቁሩንም አብራ ትጉረስ፤ አገጯ ጡትሽን ይንካ። ካመመሽ ጎትተሽ አታላቅቂያት። በታጠበ ትንሽ ጣትሽ የአፏን ጥግ ከፈት አድርገሽ አስለቅቂያትና እንደገና አጉርሻት።

"ወተቴ አይበቃትም" ብለሻል። በምን አወቅሽ? ስላለቀሰች? ሕፃን በብዙ ነገር ያለቅሳል። በቀን 6 ዳይፐር ካረጠበችና ኪሎዋ ከጨመረ እየበቃት ነው። ወተት የሚመጣው ሲጠባ ነው፤ ጡጦውን ባበዛሽ ቁጥር ያንቺው ይቀንሳል። እንገሩን ሳትደፊ ማጥባትሽን ስሰማ አንጀቴ ራሰ። አማትሽ "ቅቤ ላልሳት፣ ውሃ ትቅመስ" ካሉ ደግሞ በአክብሮት "እስከ ስድስት ወር ከጡት ሌላ ምንም ተብያለሁ" በያቸው።

ታላቅ ወንድምሽ በ1988 ሲወለድ ከወሊድ በኋላ የነበረኝ ፈቃድ 60 ቀን ነበር። ሳልጠግበው ፋብሪካ ተመለስኩ። ረፋድ ላይ ጡቴ ድንጋይ ይሆናል። ፎጣ አጥፌ ከጋውኔ ሥር እደርባለሁ፣ እሱም ይርሳል። ሽንት ቤት ገብቼ፣ ግድግዳ ተደግፌ፣ አልቤ እደፋዋለሁ። ቤት ደግሞ አያትሽ የላም ወተት በውሃ አቅጥና ትሰጠዋለች። እኔ ወተት ሞልቶኝ ልጄ ተቅማጥ ይዞት ከሳ። የት ታልቢዋለሽ፣ የት ታስቀምጪዋለሽ ያለኝ አለቃ አልነበረም። ዛሬም ያንገበግበኛል።

አንቺ አሁን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አለሽ። ከኔ ይሻላል፣ ግን ስድስት ወር አይሞላም። ከመመለስሽ በፊት አለቃሽን በር የሚዘጋ ክፍልና ፍሪጅ ጠይቂ። የታለበ ወተት ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። እዚያም ዝም አትበይ።

ጡትሽ ቀልቶ ከጠጠረና ትኩሳት ከያዘሽ የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ፤ ማጥባቱን ግን አታቋርጪ።

አባትሽ ሐሙስ ከሆስፒታል ይወጣል፣ ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶብስ እመጣለሁ። እኔን ግን አትጠብቂ። አራስ አትወጣም የሚለውን ተዪው፤ ነገ ጠዋት ነጠላሽን ተከናንበሽ ከአክስትሽ ጋር ጤና ጣቢያ ሂጂ። አዋላጇ ፊት አጥቢ፣ አያያዝሽን ትይልሽ። የአጥሚት እህል ዛሬ ልኬያለሁ፤ ባልሽ ማታ መናኸሪያ ሄዶ ይቀበል። ስልክሽንም አትዝጊ።

እናትሽ