ለማህበራት የሚሰጥ የከተማ ድጎማ መመዘኛው አስቀድሞ ይታወቅ

ይድረስ ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ዕድሜዬን በሂሳብ ሥራ ያሳለፍኩ የጎንደር ነዋሪ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን በሚደግፍ አንድ አነስተኛ የሰፈር ማህበር ውስጥ በገንዘብ ያዥነት አገለግላለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ የመጪውም ዓመት ዕቅድ ገና በየጠረጴዛው ላይ ሳለ ነው፤ ነገሩ ሐምሌ 1 ካለፈ በኋላ ቢነሳ የሚሰማው ሰው ቢገኝ እንኳ የሚያስተካክለው አይገኝም። የምለውም ይህ ነው፦ አንድ ከተማ ከራሱ ገቢም ይሁን በእጁ ከሚያልፈው የልማት ገንዘብ ለአገር በቀል በጎ አድራጎት ማህበራት ድጎማ ሲሰጥ፣ ለማን፣ ስንትና በምን ምክንያት እንደሚሰጥ አስቀድሞ በወጣና ማንም ነዋሪ ቆሞ ሊያነበው በሚችለው መመዘኛ መወሰን አለበት።

ከአዘዞ እስከ ማራኪ ባለው ከተማ ውስጥ በእነዚህ ማህበራት ትከሻ ላይ ያለውን ሥራ ለአንባቢዎቻችሁ በዝርዝር መንገር አያስፈልገኝም። አልጋ ላይ የዋለን ሽማግሌ የሚያጥቡ፣ የተማሪን ደብተር የሚሸፍኑ፣ በክረምት የሚያፈስ ጣሪያ የሚቀይሩ፣ ተፈናቅሎ የመጣውን ቤተሰብ በረንዳቸው ላይ የሚያስጠጉ እነሱ ናቸው። አብዛኞቹ ቢሮ የላቸውም፤ ማህተማቸው በሊቀ መንበሩ ኮት ኪስ ውስጥ ነው የሚያድረው።

አሁን ያልኩትን እንድል ያደረገኝን አንድ ገጠመኝ ልናገር። የዛሬ ጥቂት ዓመት አንድ ለጋሽ አካል ለማህበራት ድጋፍ እንደሚሰጥ ሰማን፤ መንግሥታዊ ይሁን ሌላ ለነገሬ ለውጥ ስለማያመጣ ስሙን አልጠቅስም። ማስታወቂያው የተለጠፈው ዓርብ ከሰዓት ሲሆን የማመልከቻው ጊዜ ያበቃ የነበረው በተከታዩ ማክሰኞ ነው። ፕሮፖዛሉ በእንግሊዝኛ፣ በተወሰነ ሰንጠረዥ ተዘጋጅቶ እንዲቀርብ ተጠየቅን። ከመካከላችን ሰንጠረዡን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ከአረጋውያኑ የዘይት ገንዘብ ላይ ቀንሰን ለአንድ ጎበዝ ወጣት ከፍለን አጻፍን። በመጨረሻ ግን ማመልከቻችን ተቀባይነት ያገኘው በወረቀታችን ማማር አልነበረም። የድጋፍ ደብዳቤ ጎደላችሁ ተብለን ሦስት ቀን ስንመላለስ ከቆየን በኋላ፣ እዚያው የሚሠራ አንድ የሥጋ ዘመዴ ስልክ ደወለና ደብዳቤው በአንድ ሰዓት ውስጥ ተፈርሞ ወጣ። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ እንዲሉ፣ ያን ዕለት የተጠቀምኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። እዚያው ወንበር ላይ ከእኔ ቀድመው የተቀመጡና ስልክ የሚደውልላቸው ያጡ ሁለት ሴቶች ግን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፉም። የምን ማህበር እንደነበሩ አላውቅም፤ እኔ ደብዳቤዬን ይዤ ስወጣ እነሱ ተቀምጠው ነበር።

የሚያስገርመው፣ ከተሞቻችን ራሳቸው ገንዘብ የሚቀበሉበት መንገድ እንዲህ አለመሆኑ ነው። በዓለም ባንክ ድጋፍ በ2000 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረውን የከተሞች ልማት ፕሮግራም፣ ብዙዎቻችን ዩኤልጂዲፒ በሚለው ስሙ የምናውቀውን፣ እናስታውሳለን፤ ጎንደር ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አንዷ ናት፤ በየሰፈሩ የምንረግጠው ኮብልስቶንም ከዚሁ ዓይነት ገንዘብ ጋር የተያያዘ ነው። ፕሮግራሙ በሁለተኛው ምዕራፍ 44 ከተሞችን ያቀፈ ሲሆን፣ እሱን የተካው የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ፕሮግራም ደግሞ 117 ከተሞችን አዳርሷል። የሁለቱም አሠራር በአጭሩ እንዲህ ነበር፦ ከተማው መጀመሪያ የተቀመጡትን ዝቅተኛ ቅድመ ሁኔታዎች ያሟላል፤ ከዚያ በየዓመቱ በገለልተኛ መዛኞች አፈጻጸሙ ይለካል፤ የሚደርሰውም ገንዘብ በሕዝብ ብዛቱና ባገኘው ነጥብ ይወሰናል። ማንም ከንቲባ አዲስ አበባ ዘመድ ስላለው ነጥብ አልተጨመረለትም፤ ቢያንስ ሕጉ ይህን አይፈቅድም ነበር። በየዓመቱ እንዲህ ተመዝኖ ገንዘብ የተቀበለ የከተማ አስተዳደር ከእሱ የሚያንሱትን ለመመዘን ዕውቀቱም ልምዱም አለው ማለት ነው። መመዘን አይቻልም የሚል መልስ ከእንግዲህ ልንቀበል አይገባም።

ነገር ግን በብዙ ስብሰባ ላይ ስሰማው የቆየሁትን ሌላ መፍትሔም አልደግፍም። «አድልዎ እንዳይኖር ለሁሉም እኩል ይካፈል» የሚለውን ማለቴ ነው። ይህ አነጋገር ፍትሐዊ ይመስላል፤ በሂሳብ ሲታይ ግን ገንዘቡን መበተን ነው። ለምሳሌ 500,000 ብር ለ25 ማህበራት እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ 20,000 ብር ይደርሰዋል። የእኛን በመሰለ ማህበር 20 አረጋውያንን በቀን አንድ ጊዜ ለማብላት ለአንድ ሰው 50 ብር ብቻ ብናስብ፣ ይህ ገንዘብ በ20 ቀን ያልቃል። በ21ኛው ቀን አረጋውያኑ ምን ይሁኑ? ለ25ቱም ማህበራት የምስክር ወረቀት ተሰጥቷል፤ ፎቶግራፍም ተነስቷል፤ የአንድም አረጋዊ ዓመት ግን አልተለወጠም። ሁለትና ሦስት ዓመት ሙሉ በተከታታይ የሚደገፉ ጥቂት ማህበራት መርጦ፣ ያልተመረጡትን ለምን እንዳልተመረጡ በጽሑፍ ነግሮ፣ በሚቀጥለው ዙር እንዲዘጋጁ ማድረግ ይሻላል። ይህ ውሳኔ ኃላፊዎችን ከወቀሳ እንደማያድናቸው አውቃለሁ፤ እኩል ማካፈል የሚወደደውም ከወቀሳ ስለሚያድን ይመስለኛል።

የጊዜውም ነገር የዚያኑ ያህል ያሳስበኛል። በሂሳብ ሥራ ያለፈ ሰው ሁሉ ሰኔን ያውቀዋል። ዓመቱን ሙሉ «በጀት የለም» ይባልና በሰኔ ሁለተኛ ሳምንት «ገንዘቡ ተመላሽ ከሚሆን ቶሎ ሰነድ አምጡ» ይባላል። ማህበሩም ያላቀደውን ዕቃ ገዝቶ ደረሰኝ ያቀርባል። እንደ ማህበር ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያስፈልገን በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ ጣሪያ የሚከደነው፣ ግድግዳ የሚመረገው ዝናቡ ሳይገባ ነውና። የጎንደርን ክረምት የሚያውቅ ሰው፣ በሐምሌ እኩሌታ ቆርቆሮ ማውረድ ማለት አሮጊቷን ከነፍራሿ ዝናብ ላይ ማስተኛት መሆኑን ይረዳል። ድጎማው በሐምሌ ጸድቆ በሁለት ጊዜ ክፍያ ቢለቀቅ፣ የመጀመሪያው በመስከረም፣ ሁለተኛው ደግሞ የመጀመሪያው ሥራ ታይቶ በመጋቢት ቢሆን፣ ለከተማው አንድ ሳንቲም ተጨማሪ ወጪ አያመጣበትም።

ስለ አስተዳደራዊ ወጪ የሚባለውም መስተካከል አለበት። በቀድሞው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማህበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን «70 በ30» በሚባለው መመሪያ፣ ማለትም ከወጪው ቢያንስ 70 በመቶው ለዓላማ ማስፈጸሚያ፣ ቢበዛ 30 በመቶው ለአስተዳደር ይዋል በሚለው፣ ማህበራት ምን ያህል እንደተቸገሩ ዘርፉን የሚያውቁ ያስታውሳሉ፤ ለዓላማው ሥራ የሚወጣ የትራንስፖርት ወጪ ሳይቀር ከአስተዳደር ይቆጠር ነበር። እሱን የተካው የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። እስከ 20 በመቶ ድረስ ሕግ የፈቀደ ሆኖ ሳለ፣ ከታች ያለው ለጋሽ አንድም ብር ለደመወዝና ለኪራይ አይውልም ሲል ግን ከሕጉ በላይ ጠባብ መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ 10 ኩንታል ስንዴ ሞዴል 22 በሚባለው የንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ ወጪ ሆኖ ተሰጥቶን ያውቃል፤ የወፍጮ ቤት ክፍያ፣ የማገዶና የጋጋሪዋ የድካም ዋጋ ግን «አስተዳደራዊ ነው» ተብሎ ተከለከለ። ስንዴው ጥሬውን ለአረጋውያን ሊታደል ኖሯል? ጋጋሪዋ ሁለት ወር በነጻ ጋገረችልን፤ እሷም ራሷ ተረጂ ልትሆን ትንሽ ነበር የቀራት።

የዕድሮችን ጉዳይ ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። ይኸው የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ዕድርን፣ ዕቁብንና የመሳሰሉትን በሥሩ አያካትትም፤ ይህም ለእነሱ ነጻነት የተተወ በመሆኑ መልካም ነው። ሆኖም ከሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተሰጠ የምዝገባ ምስክር ወረቀት ያላቀረበ አይወዳደርም የሚል መስፈርት ሲወጣ፣ 40 እና 50 ዓመት የአባላቱን መዋጮ ያለ አንድ ጉድለት የያዘ ዕድር ከበር ይመለሳል፤ ባለፈው ዓመት የተመዘገበና ከማህተሙ በቀር ምንም የሌለው ግን ይገባል። ዕድሮች የሦስት ዓመት የሂሳብ መዝገባቸውን አቅርበው የሚወዳደሩበት የተለየ መደብ ቢኖር፣ ወይም ከአንድ የተመዘገበ ማህበር ጋር ተጣምረው እንዲያመለክቱ ቢፈቀድ፣ ችግሩ ይቃለላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ የምጠይቀው ብዙ ወረቀት አይደለም። መመዘኛው በአማርኛ፣ ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ ይውጣ፤ ማመልከቻውም በአማርኛ ይሁን። ከነጥቡ ከግማሽ የማያንሰው የማህበሩ ሥራ በአካል ታይቶ፣ ተረጂዎቹ ተጠይቀው የሚሰጥ ይሁን እንጂ ለወረቀት ማማር አይሰጥ። ማመልከቻ ቢያንስ ለ30 ቀን ክፍት ይሁን። በመዛኞቹ ኮሚቴ ውስጥ ከአስተዳደሩ ሰዎች ሌላ ከዩኒቨርሲቲውና ከዕድሮች የተወከሉ ይግቡበት። ጎንደር በዕድር፣ በሰንበቴ፣ በጋብቻና በአበልጅነት የተሳሰረች ከተማ ናት፤ ስለዚህ ዘመድ የሌለው መዛኝ አይገኝም፤ መፈለግም ከንቱ ነው። የሚቻለው፣ ዝምድና ያለው ሰው ዝምድናውን አስመዝግቦ የዚያ ማህበር ጉዳይ ሲታይ ከክፍሉ መውጣቱ ነው። ውጤቱ ሲታወቅ ደግሞ የተመረጡትም ያልተመረጡትም ከነነጥባቸውና ከተፈቀደላቸው ገንዘብ ጋር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፉ።

ይህን መጠየቅ ውለታ መጠየቅ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ መረጃ የተጠየቀ የመንግሥት አካል በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ከሌሎች አገሮችም የምንማረው አለ፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት ለከተሞች በሚሰጠው የማህበረሰብ ልማት ድጎማ፣ ከተሞቹ ለማህበራዊ አገልግሎት የሚያውሉት ድርሻ በመርህ ደረጃ ከ15 በመቶ እንዳይበልጥ የተገደበ ሲሆን፣ ዕቅዳቸውን ለማዕከል ከማስገባታቸው በፊት ለ30 ቀን ያህል ለነዋሪው አስተያየት ክፍት ማድረግ አለባቸው። የ15 በመቶውን ገደብ እኛም እንዲሁ እናድርግ አልልም፤ የ30 ቀኑን አስተያየት ግን ለመቅዳት የሚያስቸግር ነገር አይታየኝም።

«ጊዜው አስቸጋሪ ነው፤ ይህን ሁሉ የሚሠራ የሰው ኃይል የለም» የሚል መልስ እንደሚኖር እገምታለሁ። አስቸጋሪነቱን አልክድም፤ እኛም እዚሁ ነው የምንኖረው። ሆኖም በአስቸጋሪ ጊዜ የሚረዱት ቁጥር ይጨምራል፤ ገንዘቡ ይቀንሳል፤ ያነሰን ገንዘብ ማን አገኘው የሚለው ጥያቄም የባሰ ቅሬታ ይፈጥራል። ደግሞም 30 እና 40 ማመልከቻ ለመመዘን አምስት ሰው ለሁለት ሳምንት ይበቃል፤ ይህን የምለው ኦዲት ስሠራ ከዚህ የበዛ ሰነድ በዚያው ጊዜ ከባልደረቦቼ ጋር አገላብጬ ስለማውቅ ነው።

የከተማችን ምክር ቤት የመጪውን ዓመት በጀት ለማጽደቅ ሲቀመጥ፣ አንድ ተመራጭ እንኳ ተነስቶ «ለማህበራት ድጎማ የተያዘው ስንት ነው? መመዘኛውስ የት ተለጥፏል?» ብሎ እንዲጠይቅልን በጋዜጣችሁ በኩል አደራ እላለሁ። መልሱን እናንተ ብታትሙልን፣ እኔ በበኩሌ ከማህበራችን በር ላይ እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

አንድ ጡረተኛ የሂሳብ ሠራተኛ
ከማራኪ፣ ጎንደር