ቁስሌን ላጠባችሁልኝ፣ ህመሜን ላቀለላችሁልኝ ሁሉ

የፈላ ውሃ እግሬን ካቃጠለኝ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ «እንዴት ቻልሽው?» ይለኛል። ብቻዬን አልቻልኩትም። ቆሜ መራመድ ስጀምር የመጀመሪያ ሥራዬ ይህን ምስጋና መጻፍ እንዲሆን ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር።

ቃጠሎ የደረሰበት ሰው ያውቀዋል። ከአደጋው ቀን ይልቅ የሚከብደው ፋሻ የሚቀየርበት ቀን ነው። ጨርቁ ቁስሉ ላይ ይጣበቃል። በውሃ ይርሳል፣ ይላቀቃል፣ የሞተው ቆዳ ይነሳል። ማስታገሻ ተሰጥቶኝም እጮህ ነበር። እየቆየ ሲሄድ የጋሪው ጎማ ድምፅ ገና ከኮሪደሩ ሲሰማኝ መንቀጥቀጥ ጀመርኩ።

የሥነ ልቦና ባለሙያዋን ከሁሉ አስቀድሜ አመሰግናለሁ። አልጋዬ አጠገብ ቁጭ ብላ «ህመምሽ እውነተኛ ነው። ሂፕኖሲስ እንሞክር ያልኩሽ አንቺ የፈጠርሽው መስሎኝ አይደለም» አለችኝ። ያን ቀን ይህን መስማት ምን ያህል እንደሚያስፈልገኝ እንዴት እንዳወቀች እንጃ።

እናቴ ግን ደነገጠች። «ድግምት ነው እንዴ?» አለች። ባለሙያዋ ቅር ሳትሰኝ አስረዳቻት። ሂፕኖሲስ ማለት በባለሙያ ቃል እየተመሩ ሐሳብን አንድ ነገር ላይ በጥልቀት ማሰባሰብ ነው። እንቅልፍ አይደለም፤ ራሴንም አልስትም። ባሻኝ ሰዓት ዓይኔን ገልጬ ማቆም እችላለሁ። ኤተር የተባለው ማደንዘዣ እ.ኤ.አ. በ1846 ቦስተን ላይ በይፋ ከመታየቱ በፊት፣ ጄምስ ኤስዴይል የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ህንድ ውስጥ ለሂፕኖሲስ ቀዳሚ በሆነ ዘዴ ቀዶ ሕክምና ያደርግ እንደነበር ነገረችን። ዛሬም ቤልጅየም፣ ሊየዥ ከተማ ውስጥ፣ ሙሉ ማደንዘዣ ሳይወስዱ በሂፕኖሲስና የሚቀደደውን ቦታ ብቻ በሚያደነዝዝ መድኃኒት የታይሮይድ (የአንገት እጢ) ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ሰዎች አሉ። እናቴ ይህን ስትሰማ «በሉ እንግዲህ ሞክሩላት» አለች።

ሥራው የሚጀምረው ፋሻው ከመነካቱ በፊት ነው። ትንፋሼን እከተላለሁ። ዓይኔ ይከደናል። እግሬ ወንዝ ውስጥ ነው ትለኛለች፤ ቅዝቃዜው ከጣቶቼ ተነስቶ ቁርጭምጭሚቴን አልፎ ይወጣል። የሲስተሯ እጅ ይሰማኛል። ጨርቁ ሲላቀቅም ይሰማኛል። ግን እንደ ድሮው አያስጨንቀኝም። ምክንያቱን ስጠይቃት እ.ኤ.አ. በ1997 ስለታተመ የአንጎል ጥናት አጫወተችኝ። ሰዎቹ እጃቸውን የሚያቃጥል ውሃ ውስጥ ከትተው፣ በሂፕኖሲስ ስቃዩ እንዲቀልላቸው ሲደረግ፣ የመጀመሪያውን የህመም ስሜት የሚቀበለው የአንጎል ክፍል ብዙም አልተለወጠም። ከስቃዩ ጋር የተያያዘው ክፍል ግን ተለወጠ። እኔ ላይ የሆነውም ልክ ይኸው ነው።

ሐኪሜን የማመሰግነው ማስታገሻዬን ስላላቋረጠብኝ ነው። እየቀለለኝ ሲሄድ መጠኑን ቀስ በቀስ የቀነሰው እሱ ራሱ ነው። ቁስሉ አመርቅዞ አዲስ ህመም ሲጀምረኝ ደግሞ «መጀመሪያ መንስኤው ይታወቅ» ብሎ መረመረኝ እንጂ በሂፕኖሲስ ቻይው አላለኝም። እባካችሁ፣ ይህን መንገድ የምታስቡ ሁሉ እንዲህ ዓይነት ሐኪም ከጎናችሁ ይኑር።

ነርሶቹስ! ባለሙያዋ ካነጋገረቻቸው በኋላ «አሁን ሊያምሽ ነው፣ ቻይው» ማለት ተዉ። «ውሃ ላፈስ ነው፤ ቅዝቃዜ ይሰማሻል» ይሉኝ ጀመር። ቀላል ነገር ይመስላል። እኔ ግን ሰውነቴን አስቀድሜ መወጠር የተውኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ተረኛነቷ አልቆ እንኳ ትከሻዬን ይዛ የቆመችው ሲስተር፣ አንቺን መቼም አልረሳሽም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎረቤቴ የነበረችው ታካሚ ሞክራው ብዙም አልረዳትም። ሁሉም ሰው እኩል አይሆንለትም። ማንም «አንቺ ነሽ ያልፈለግሽው» አላላትም፤ ሌላ መላ ፈለጉላት። ስለ እሷም አመሰግናችኋለሁ።

እህቴ፣ ቁስሉ እየጠገገ ሲመጣ ሌሊቱን በማሳከክ ስንገላታ፣ ባለሙያዋ የጻፈችልኝን ቃላት ቀስ እያልሽ ያነበብሽልኝ አንቺ ነሽ። አሁን ራሴው በልቤ እለዋለሁ፤ እንቅልፍም ይወስደኛል።

ውለታችሁን ፈጣሪ ይክፈልልኝ። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ስመጣ ክፍላችሁ ድረስ ገብቼ አንድ በአንድ ሳላቅፋችሁ አልመለስም።