ፓስፖርትሽን ለማንም እንዳትሰጪ

ሆዴ፣ በረራሽ ሐሙስ መሆኑን ወንድምሽ ነገረኝ፣ አንቺ ለምን እንደደበቅሽኝ ይገባኛል፣ ተይው። ዱባይ ስትደርሺ ግን ፓስፖርትሽን ለማንም እንዳትሰጪ።

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ወንድምሽ ዩቲዩብ ላይ አንድ የድሮ የአሜሪካ ፊልም ከፈተልኝ፣ ትራፊክ ኢን ሶልስ ይባላል፣ በፈረንጅ የ1913 ነው። ድምፅ የለውም፣ እንግሊዝኛው አላስቸገረኝም፣ ጽሁፍ ሲመጣ እሱ ያነብልኛል። ሁለት እህትማማቾች ከስዊድን በመርከብ ኒው ዮርክ ይገባሉ፣ ደላሎቹ ቀድመው የሴተኛ አዳሪዎቹ ቤት በር ላይ «የስዊድን ስራና ሰራተኛ አገናኝ» የሚል ታፔላ ሰቅለው ይጠብቋቸዋል። ለነሱ ተብሎ እኮ ነው! የሀገራቸውን ስም አይተው አምነው ገቡ። አቁመው አልኩት።

ስረጋጋ ጨረስነው። አለቃው ማን መሰለሽ፣ ትሩበስ የሚባል የሞራል ማህበር መሪ፣ ፎቅ ላይ ተቀምጦ የታችኛውን ቢሮ በማዳመጫ ይከታተላል። እነሱው እህቷን የሰረቁባት ሜሪ የምትባል ሌላ ልጅ በአባቷ ማሽን ድምፃቸውን ቀድታ አስያዘቻቸው፣ ድምፅ በሌለው ፊልም ሌቦቹ በድምፅ ተያዙ፣ ወንድምሽ እዚህ ጋ ሳቀ። እኔ ግን ታፔላው ላይ ቀርቻለሁ።

አክስትሽ ስልክ ሲጮህ ለምን እንደምትደነግጥ ስትጠይቂኝ ቡና ላፍላ ብዬ የተነሳሁት ትዝ ይልሻል? ቤሩት በገባሁ በስድስት ወሬ፣ ማዳሜ ስትወጣ ጠብቄ ሶፋዋ ላይ ተቀምጬ ፎቶ ተነሳሁ፣ ከጀርባው «ስራው ቀላል ነው፣ ተመችቶኛል» ብዬ ላኩ። ፓስፖርቴን ከኤርፖርት ጀምሮ ወስደውብኛል፣ ማታ ማታ ኩሽና ነው የምተኛው፣ እናቴ እንዳታለቅስ ብዬ ነው እንደዛ የጻፍኩት። አክስትሽ ያንን ፎቶ ይዛ ደላላ ጋ ሄደች። የሷን ታፔላ የሰቀልኩት እኔ ነኝ ልጄ። የቀረውን ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ «ለመታወቂያ ነው፣ ነገ እንመልሳለን» ቢሉሽም ኮፒውን ስጪ፣ ፓስፖርቱን አትስጪ! የሚቀበልሽ ሰው አማርኛ ስላወራ ዘመድ አይሆንሽም። ዛሬውኑ ፓስፖርቱንም ቪዛውንም ፎቶ አንስተሽ ለወንድምሽ በቴሌግራም ላኪለት፣ የኤምባሲውን ስልክ በወረቀት ጽፈሽ ልብስሽ ውስጥ ስፊው፣ ሞባይል ይቀማል።

ሽሮውን በሁለት ፌስታል አስሬዋለሁ፣ በርበሬው እንዳይፈስ ሹራብሽ መሃል አድርጊው። ደግሞ ሶፋ ላይ ተቀምጠሽ ፎቶ እንዳትልኪልኝ። እጅሽን አንስተሽ ላኪልኝ፣ መዳፍሽን፣ ከሱ አውቀዋለሁ።