ስለ ሳወር አሠራር ለልጄ የተጻፈ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፦

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አራት ኪሎ በተከራየሽው ቤት ጓደኞችሽን ልትጋብዢ እንደሆነ እናትሽ ነግራኛለች። ጣፋጭና ጎምዛዛ ኮክቴል እንዴት እንደሚሠራ መጠየቅሽ ፒያሳ ባርማን ሆኖ ለኖረው አባትሽ ትልቅ ደስታ ስለሆነ፣ በስልክ ከማቻኩለው በጽሑፍ ላስቀምጥልሽ መረጥሁ።

እኛ ሳወር የምንለው ይህ መጠጥ ከአልኮል፣ ከሎሚ፣ ከስኳርና ከበረዶ ሌላ ምንም አይፈልግም። ብዙ ሰው ዋናው አልኮሉ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ጣዕሙን የሚያቃናውም የሚያበላሸውም ሎሚው ነው እላለሁ። ልጡ ቀጭን፣ በእጅ ሲይዙት ከበድ የሚል ሎሚ ምረጪ። ጠረጴዛ ላይ በመዳፍሽ ጫን እያልሽ ካንከባለልሽው በኋላ ቆርጠሽ፣ እንግዶችሽ ሊደርሱ ሲሉ ጭመቂው፤ ተጨምቆ ያደረ ሎሚ መዓዛው ይጠፋልና። ጠብታ እንዳይቀር ብለሽ ልጡን አጥብቀሽ አትጭመቂ፤ ከልጡ የሚወጣውን ምሬት ስኳር አይሸፍነውም። የታሸገ የሎሚ ጭማቂ ግን ጨርሶ ቤትሽ ባይገባ እወዳለሁ።

ስኳር በቀዝቃዛ መጠጥ ውስጥ በቀላሉ ስለማይሟሟ፣ አንድ ስኒ ስኳር በአንድ ስኒ ሙቅ ውሃ አሟሙተሽ አቀዝቅዢው። ማር ከመረጥሽም በእኩል ሙቅ ውሃ አቅጥኚው። ከዚያም ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ጠርሙስ ውስጥ 60 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 30 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂና 30 ሚሊ ሊትር የስኳር ውሃ ጨምረሽ፣ ፈልቶ ከቀዘቀዘ ውሃ በተሠራ በረዶ ሙይውና 15 ሰከንድ ያህል በኃይል ናጪው። ከበረዶው የሚቀልጠው ውሃ የአልኮሉን ማቃጠል የሚያለዝብ የመጠጡ አንድ ክፍል ስለሆነ፣ ቀዘቀዘ ብለሽ ቶሎ አታቁሚ። በሻይ ማጥለያ አጥልለሽ ከመቅዳትሽ በፊት ቅመሺው፤ ቅዝቃዜ ጣፋጭነትን ስለሚደብቅ፣ ሳይናጥ ልክ የመሰለሽ ከተናጠ በኋላ ሊጎመዝዝ ይችላል።

ሎሚውና ስኳሩ የጂኑን ኃይል ስለሚሸፍኑት ጠጪው ሳያውቀው ይሰክራልና፣ እባክሽ በግምት አትቅጂ። አልኮል ለማይጠጣና መኪና ለሚነዳ እንግዳሽ ያንኑ ሎሚና የስኳር ውሃ በበረዶ ላይ አድርገሽ አምቦ ውሃ ሙይበትና፣ ከሌሎቹ ሳትለዪ በዚያው ዓይነት ብርጭቆ አቅርቢለት።

ናፋቂ አባትሽ