ምንጭ ጠፋብኝ ላልኸኝ ወንድሜ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። መጀመሪያ እናቴን ሳስታምም ሰነበትሁ፤ እርሷ ከተሻላት በኋላ ደግሞ መዘግየቴ ራሱ እያሳፈረኝ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር መልሼ አስቀመጥሁት። ይቅር በለኝ።

ስለ አማርኛ መጻሕፍት ካታሎግ (የመጻሕፍት ዝርዝር መዝገብ) አሠራር ልታጠና አስበህ «ምንጭ ጠፋብኝ» ብለህ ነበር። ብዙ ነው ባልልህም አለ፤ የሚሰወረው ግን በስም አጻጻፍ ነው። በአሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በማይክሮፊልም የተቀመጡትን የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ካታሎግ ካዘጋጁት አንዱ የሆኑትን የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ሥራዎች ስፈልግ ሁለት ቀን ሙሉ ባክኛለሁ። ፈረንጆች የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚወስዱት፣ አንዱ መዝገብ «ኃይሌ» ከሚለው ሥር ሲያስገባቸው፣ ሌላው እንደ እኛ ልማድ «ጌታቸው» ብሎ ይዟቸዋል፤ በዚያ ላይ «ቸ» በላቲን ስትጻፍ አንዳንዴ በሁለት፣ አንዳንዴ በሦስት ፊደል ትመጣለች። ስለዚህ ማንኛውንም ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ በራሱም በአባቱም ስም ሳትፈልግ «የለም» አትበል።

በአማርኛ ስትፈልግም ሞክሼ ፊደላት ያስቸግሩሃል። «ቤተ መጻሕፍት» የሚለው ቃል በ«ጸ» ወይም በ«ፀ»፣ በ«ሕ» ወይም በ«ህ»፣ ተነጥሎ ወይም ተጣብቆ ስለሚጻፍ ቢያንስ ስምንት መልክ አለው፤ ያልተስተካከለ የመፈለጊያ ሥርዓት ደግሞ ስምንቱን እንደ ስምንት ባዕድ ቃላት ያያቸዋል። እኛ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ሰዎች በገዛ ቤታችን ስም አለመስማማታችን አንዳንዴ ያስቀኛል። የዘመን አቆጣጠሩንም አትርሳ፤ 1983 ዓ.ም. የታተመውን መጽሐፍ ፈረንጆቹ 1990 ወይም 1991 ብለው መዝግበውት ታገኘዋለህ።

ከሁሉ አስቀድመህ እንድታያቸው የምመክርህ በ1990 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የአፍሪካ የመረጃ ጥናት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የጻፏቸውን የመመረቂያ ጽሑፎች ነው። የአማርኛን ጽሑፍ ለኮምፒዩተር ስለ ማስነበብ ሳይቀር የደከሙ አሉ፤ በእንግሊዝኛ ስለ ተጻፉ በአማርኛ ቃል አትፈልጋቸው። ከፊሎቹ በዩኒቨርሲቲው የኢንተርኔት ማኅደር ይገኛሉ፤ ለቀሩት ስድስት ኪሎ ድረስ ሄደህ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኞች መጠየቅ ይኖርብሃል። እዚያው ግቢ፣ በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለልህ።

ከውጭ አገር ምንጮች «ሊስታ» (LISTA) የተባለው የቤተ መጻሕፍት ሙያ ጽሑፎች ማውጫ በነጻ ይከፈታል፤ በዕድሜ የሚበልጠው መሰሉ «ሊሳ» (LISA) ግን ክፍያ ስለሚጠይቅ ተቋምህ መግቢያ እንዳለው አጣራ። «ኢ-ሊስ» (E-LIS) በተባለው የኢንተርኔት ማኅደር ውስጥ ደግሞ የሙያው ሰዎች ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምረው ጽሑፎቻቸውን ራሳቸው ያስቀምጣሉ፤ ሙሉውን ያለ ክፍያ ታነባለህ።

የጥናትህን ረቂቅ ርእስ ከነቁልፍ ቃላቱ ላክልኝና የስሞቹን የላቲን አጻጻፍ እኔ አስተካክዬ እመልስልሃለሁ፤ ዘንድሮ አላዘገይህም። ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ