ድምቀቱ የራሱ ያልነበረ ፍንዳታ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

እጅግ ስለሚደምቁ ሱፐርኖቫዎች (የኮከብ ፍንዳታዎች) ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ነገር ግን የደመቀ ሁሉ ኃያል ነው የሚል ስሜት ስለሚያሳድር አንድ ነገር ልጨምርበት።

እ.ኤ.አ. በ2010 በሃዋይ የሚገኘው የፓን-ስታርስ ቴሌስኮፕ ፒኤስ1-10ኤኤፍኤክስ የተባለውን ሱፐርኖቫ አገኘ። ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ 9 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዟል፤ ድምቀቱ ግን በዚያ ርቀት ከሚጠበቀው የዓይነት 1ኤ ሱፐርኖቫ (ድምቀታቸው እርስ በርሱ ከሚቀራረብ የኮከብ ፍንዳታዎች አንዱ) 30 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። አዲስ ዓይነት ፍንዳታ ነው ያሉ አልጠፉም። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ሮበርት ኲምቢና ባልደረቦቹ በበኩላቸው ቀለሙም፣ ብርሃኑ የጨመረበትና የቀነሰበት ፍጥነትም ከተራው ዓይነት 1ኤ ጋር እንደሚመሳሰል አስተዋሉ። ፍንዳታው ከከሰመ በኋላ ቦታውን በኬክ ቴሌስኮፕ ሲመረምሩ ከፊት ለፊት ሌላ ጋላክሲ ተደብቆ አገኙ። ለካስ የዚያ ጋላክሲ ስበት ብርሃኑን እንደ አጉሊ መነጽር አጉልቶት ኖሯል! ውጤቱ በ2014 ታተመ።

በእርግጥ እንደ ኤስኤን 2006ጂዋይ ያሉ በራሳቸው የሚደምቁ ሱፐርኖቫዎችም አሉ፤ እነሱን አልክድም። በጽሑፋችሁ ግን ስበት ብርሃንን እንዲህ ስለሚያጎላበት ክስተት፣ ማለትም ስለ ስበት ሌንስ፣ አንድም ቃል አላየሁም። በሚቀጥለው እትም ብታብራሩልን ደስ ይለኛል።

አንድ አንባቢያችሁ